ቅዳሜ፣ ቴኒስ ከአባቴ ጋር

ዛሬ በቴሌቪዥን ቴኒስ ሳይ ኳሷን ዓይኔ አይደርስባትም። ተጫዋቾቹ እያቃሰቱ ይለጓታል። የልጅ ልጄ ደግሞ ራኬቱ ምንም ክብደት የለውም ይለኛል። እኔ ጨዋታውን የተማርኩት አሰላ፣ ሰው ኳስ ሲመታ ከመረቡ ወዲያ ላለው ተጫዋች እንዲመቸው አድርጎ በሚመታበት ዘመን ነው።

አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ራኬታቸው ከባድ እንጨት ነው፤ ክሩ ከበግ አንጀት የተሠራ። ክረምት የጭላሎ ተራራ ጉም ሲወርድ ክሩ ይረግብና ኳሷ መንጠር ትለግማለች። እንጨቱ እንዳይጣመም በማጥበቂያ ወጥረው ከአልጋቸው ራስጌ ይሰቅሉታል። እናቴ «ከእኔ ይልቅ ለእሱ ያስባሉ» ትላቸው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በከተማው ብቸኛ ቀይ አፈር ሜዳ ከእኔ ጋር ይጫወታሉ። ቤት ውስጥ አባትና ልጅ ቁጭ ብሎ ማውራት ልማዳችን አልነበረም። የምንጫወተውም የምናወራውም እዚያ ነው።

ከዚያ ለመምህርነት ልማር አዲስ አበባ ሄድኩ። ሲኒማ ቤት፣ ከፊልሙ በፊት በሚታየው ዜና፣ የውጭ አገር ተጫዋቾች ኳሷን ወደ ላይ ወርውረው በኃይል ሲለጓትና ወዲያው ወደ መረቡ ሲሮጡ አየሁ። ቀናሁ። ትምህርቱን እስክጨርስ እንደ እነሱ ለመምታት ስለፋ ኖርኩ።

አሰላ ተመልሼ የመጀመሪያዋን ኳስ ስለጋ፣ አባቴ ራኬታቸውን ሳያነሱ አለፈቻቸው። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች አጥሩ ጋ ቆመው «ልጅቷ አባቷን ጉድ ሠራቻቸው» እያሉ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ኳሷን እያለዘብኩ እጃቸው ድረስ አደርስላቸው ጀመር።

አንድ ቅዳሜ ራኬቱን ከተሰቀለበት አላወረዱም። ወገቤን አመመኝ አሉ። ጠዋት ሙሉ ጎመን ሲኮተኩቱ አይቻቸዋለሁ። ቅዳሜያችን ያበቃ መሰለኝና ፈራሁ።

«አባባ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ሳረጅ እቤት ትጦሪኛለሽ፤ እሺ» አሉ። «ሜዳ ላይ ግን አልጦርም። የምትችዪውን ያህል ምቺ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ባለ በሌለ ኃይሌ ለጋሁ። ኳሷ አልፋቸው አጥሩ ሥር ቆመች። ቀስ ብለው ሄደው አነሷትና እኔ ድረስ ይዘዋት መጡ።

«ድገሚያት» አሉኝ።

ደገምኩ። እስኪያርፉ ድረስ ያቺን ኳስ አንድም ቀን በራኬታቸው መልሰዋት አያውቁም። ቅዳሜ ግን ቀርተው አያውቁም።