ፕሮፌሰሩ ተከሳሽ፣ እኔ ዳኛ

ዕጣው ወጣ! ቅዳሜ በቀበሌው አዳራሽ በሚደረገው የልምምድ ችሎት ዳኛዋ እኔ ነኝ፤ ተከሳሹ ደግሞ የሕግ መምህራችን። ከአዳራሹ እስከ ቤታችን በጭቃው ውስጥ ሮጥኩ። ቀሚሴ ተበላሽቷል፣ ይበላሽ!

ለማያውቀው ልንገር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ፣ ለፍርድ ሸንጎ ዳኞችና ጸሐፊዎች በተከፈተው የሕግ ትምህርት ገባሁ። መምህሩ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፤ ከተማው “ፕሮፌሰሩ” ይለዋል። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን አላከብረውም። ጂንካ በእሱ ጉዳይ ለሁለት ተከፍላለች። ግማሹ “ለባለሥልጣን የማያጎበድድ ሊቅ” ይላል፣ ግማሹ “ሰው የማያስወራ ጉረኛ”። ሁለቱም ልክ ናቸው።

አንድ ቀን “ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ቢጣሉ ከየት ትጀምራላችሁ?” ብሎ ጠየቀ። እጄን አነሳሁ። አፌን ከመክፈቴ “ባጭሩ!” አለ። እንደገና ጀመርኩ። “አንቀጽ ስንት?” አለ። ደሜ ፈላ።

“ጓድ መምህር፣ በአባቴ አገር በገዘር በኩል ሽማግሌ ሲያስታርቅ ተናጋሪው እርጥብ ሣር ይይዛል። ሣሩን እስኪያስቀምጥ ማንም አያቋርጠውም” አልኩት።

“ሣር!” ብሎ ሳቀ። “እንግዲያው ዛሬ ለምንለማመደው የስርቆት ክስ የተሰረቀችውን ፍየል ሁኚልን። ሣርሽን እየጋጥሽ ዝም ትያለሽ።”

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ችሎቱ እስኪያልቅ ጥግ ላይ ቆምኩ። ከዚያ ወዲያ ገበያ ስወጣ ባለሽንኩርቷ ሳትቀር “ፍየሏ፣ ዛሬስ አልሰረቁሽም?” ትለኛለች። እናቴ “ተዪው ልጄ፣ ይረሳል” አለች። እኔ ግን አልረሳሁም። ሥነ ሥርዓቱን እስኪታክተኝ አጠናሁት፤ በራሱ ሕግ እንጂ በሌላ ልይዘው አልፈለግኩም።

ዛሬ እንደ ልማዱ “ዕጣ አያዳላም” ብሎ ራሱንም ጨምሮ ዕጣ አስወጣን። ወረቀቱን ሲገልጥ ፊቱ ተለወጠ። የዐቃቤ ሕግነት ዕጣ የወጣላቸው የሸንጎአችን ሽማግሌ ቀስ ብለው ተነሱና “ክሱ ሰው ሲናገር ማቋረጥ ነው” አሉ። ሳቁ ዛሬ ወደ እሱ ዞረ።

“ይቺ ልጅ ቂም አለባት! ዳኛዋ ከችሎቱ ይነሱልኝ!” አለ።

“አቤቱታዎን በቀጠሮው ቀን ለችሎቱ ያቅርቡ። አሁን ይቀመጡ” አልኩት።

ተቀመጠ! እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ተቀመጠ።

ቂም አለብኝ ወይ? አለብኝ። ዳኛ ቂም ሊኖረው አይገባም፣ እሱ ራሱ አስተምሮኛል። ስለዚህ አቤቱታውን እሰማለሁ፣ እስከ መጨረሻው እሰማለሁ፤ እኔን ነፍጎኝ የነበረውን በሰው ሁሉ ፊት እሰጠዋለሁ። ከዚህ የበለጠ የሚያቃጥለው ቅጣት አላገኘሁለትም።

እናንተም ቅዳሜ ከገበያ በኋላ ኑ። አግዳሚው ጥቂት ስለሆነ በጊዜ ድረሱ። በተለይ ይህ ሰው ወሬውን ያቋረጠበት ሁሉ ፊት ለፊት ይቀመጥ፤ በምስክርነት እጠራዋለሁ፣ እስኪበቃውም ይናገራል።