ከዶሮዎቹ የተረፈ ኖራ

ትናንት ከአስር ሰላት በኋላ ሐዋ አንድ ነገር ጠየቀችኝ... ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት። ለሰው ካልተናገርኩት አይለቀኝም፤ እስቲ እናንተው ስሙኝ።

የምንሠራው ጅዳ፣ ሳፋ የሚባል ሰፈር ነው። ማዳማችን የቤቱ አናት ላይ፣ ሰጥሁ ላይ ዶሮ ታረባለች። አምና በሽታ ገባና ዶሮዎቹ በሦስት ቀን ውስጥ ሞተው አለቁ። ሾፌሩ አንድ ጆንያ ኖራ አመጣ። እኔ የዶሮውን ቤት ፍቄ፣ አጥቤ፣ ኖራውን በጨው በጥብጬ ግድግዳውንም ቆጡንም ቅንቅን የሚደበቅበትን ስንጥቅ ሁሉ ቀባሁት። እጄ ተላጠ።

ባልዲው ውስጥ ግማሽ ያህል ተረፈ። ማዳም ብቅ ብላ አየችውና እዚያው አጠገብ ወዳለችው ባዶ ክፍል ጠቆመችኝ። በማግስቱ አዲስ ሸጋላ፣ እንደ እኔው የቤት ሠራተኛ፣ ልትመጣ ነው፤ የምታድረው እዚያ ነው።

«የላ፣ ቶሎ በይ፣ ያንንም ቀቢው። ምን በሽታ ይዛ እንደምትመጣ አይታወቅም» አለችኝ።

የምትመጣው ሰው ናት፣ ዶሮ አይደለችም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እንዲያውም እውነቱን ልናገር... ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ፤ አሁን ከእኔ በታች የምትሆን መጣችልኝ ብዬ። ብሩሹን እንኳ አላጠብኩትም። ላባ እንደተጣበቀበት ይዤው ገብቼ ቀባሁት።

በማግስቱ ሐዋ መጣች። የወሎ ልጅ ናት፣ ከከሚሴ ወዲያ ካለ ገጠር። አንዲት ቦርሳ ይዛ፣ አባያዋ ረዝሞባት እየጎተተች። ክፍሉን ስከፍትላት በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ግድግዳውን በጣቷ ነካ አደረገችው።

«እትዬ ዘሀራ፣ ለእኔ ብላችሁ ነው የቀባችሁት?»

ቦርሳዋን ተቀብዬ ወደ ውስጥ አስገባሁላት።

«እኛ ዘንድ ቤት ኖራ የሚቀባው ሙሽራ ሲገባ ነው» አለችና ትከሻዬን ሳመችኝ።

«አዎ፣ ለአንቺ ብለን ነው» አልኳት። ምን ልበላት...

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ልጅቷ እናቷ ጋ ደወለችና «እማ አታስቢ፣ ክፍሌን ኖራ ቀብተው ነው የተቀበሉኝ» አለቻቸው። እናቷም «የቀባችውን አቅርቢልኝ» አሉ። ስልኩን ያዝኩ።

«ልጄን እንዳከበርሽልኝ አላህ ያክብርሽ፣ እንደ ኖራው ቀንሽን ነጭ ያድርግልሽ» እያሉ አለቀሱ። እኔ ዓይን አውጣዋ «አሚን» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ጁምዓ በመጣ ቁጥር ይደውላሉ። ከልጃቸው ጋር ካወሩ በኋላ እኔን ያስቀርቡና ዱዓ ያደርጉልኛል። ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ የማይገባኝን ምርቃት ስቀበል።

ትናንት ማዳም አዲስ ጫጩቶች ልታስገባ ስለሆነ ኖራ ቅቡ ብላ ሁለታችንን ሰጥህ ላይ ላከችን። ሐዋ እየበጠበጠች ጨው ለምን እንደሚገባበት ጠየቀችኝ።

«እንዲይዝ ነው። ኖራው ደግሞ በሽታ ይገድላል» አልኳት፣ ሳላስበው።

ብሩሹን ይዛ ቆመች።

«እትዬ... የእኔን ክፍል የቀባችሁበት ይሄው ነው?»

አይደለም ማለት እችል ነበር። ፊቷን ሳየው አቃተኝ።

«እሱው ነው።»

«ያኔ እዚህ የነበሩት ዶሮዎች ሞተው ነበር?»

«አንቺ ከመምጣትሽ በፊት... አዎ። የቀባሁልሽ ከነሱ በተረፈው ነው። አፉ በይኝ ሐዋ።»

ብሩሹን ነክራ የጀመረችውን ግድግዳ ጨረሰች፣ ስንጥቁን ሳይቀር። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ባልዲውን ስናጥብ ነው ቀና ሳትል የተናገረችው።

«ለእማ እንዳትነግሪያት። ለመንደሩ ሁሉ አውርታዋለች።»

ዛሬ ጁምዓ ነው... እናቷ ሲደውሉ እንደወትሮው «አሚን» ማለት አለብኝ፤ አሁን ግን ሐዋ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ እያወቀች።