ፓሰጃታ በባዶ እጅ

ከባለቤቴ ከክፍሎም ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሄድነው ዳቦ ቤት ነው። ወጥ ጥጄ ስለነበር ቸኩያለሁ። ዳቦውን «እስቲ ያዝልኝ» ስለው እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ «በፓሰጃታ ዕቃ አይያዝም» አለኝ። የምሽት የእግር ጉዟችንን የሚጠራው ሁልጊዜ በዚህ ቃል ነበር። ተናድጄ ጥዬው ቀደምኩ። በሦስተኛው ቀን ልቡ ቆመ።

ከአርባው በኋላ ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ ተነሣሁ። ለሰው፣ ጋቢውን ለታላቅ እህቱ ላደርስ ነው አልኩ። እውነቱ ግን፣ ያን ቀን ለምን እንዳልያዘልኝ የሚነግረኝ ከእሳቸው ሌላ ሰው አልነበረም።

መንገዱ

ደሴ አደርን፤ መቀሌ አደርን። ከአዲግራት ወዲያ የዛገ ታንክ ላይ የታጠበ ልብስ ተሰጥቷል። ዛላምበሳ፣ ድንበሩ ላይ፣ አዲስ ኬላ ቆሟል።

«ለምን ጉዳይ ነው?» አለኝ ጠባቂው።

«ለለቅሶ።»

ወረቀቴን ሳያገላብጥ መለሰልኝ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ኣደይ» አለኝ፤ እናቴ ማለቱ ነው።

ሰገነይቲ ላይ ዋርካ ሥር ሻሂ ጠጥተን፣ ሳይመሽ አስመራ ገባን።

አስመራ፣ አሥራ አንድ ሰዓት

ገጀረት ሰፈር፣ በእህቱ በእትዬ ለተብርሃን ቤት፣ የመጀመሪያውን ቀን በለቅሶ ዋልን። በማግስቱ አመሻሽ ላይ «ነጠላሽን ልበሺ» አሉኝ። ቦርሳዬን አነሣሁ።

«ኣይፋልን! ቦርሳውን ተዪው።»

«ቁልፉስ?»

«ጎረቤት ይቀመጣል።»

ዋናው ጎዳና ላይ፣ ዘንባባዎቹ ሥር፣ ሰው ሁሉ ለብሶ ቀስ እያለ ይመላለሳል። እኔ ቀደምኩ።

«እሳት ልታጠፊ ነው እንዴ፣ ሓፍተይ?»

በትግርኛ «እህቴ» ሲሉኝ አፍሬ ጠበቅኋቸው። ያን ጊዜ ስለ ዳቦው ነገርኳቸው። ጎዳናውን በእጃቸው እያሳዩ አጫወቱኝ።

«ፓሰጃታ የጣልያን ቃል ነው፤ መንሸራሸር ማለት። ያኔ እዚህ የሚንሸራሸሩት እነሱ ብቻ ነበሩ። እኛ ያለ ሥራ አናልፍም። አባታችን ጠራጊ ነበር፤ መጥረጊያ ካልያዘ ይመልሱታል። ጣልያን የተሸነፈ ጊዜ ኮቱን ለብሶ እኔንና ክፍሎምን እዚህ አመጣን። ክፍሎም ትንሽ ነው፤ የአባታችንን እጅ ሊይዝ ሲል ‹ዛሬ ኮቴን ያዝ፤ እጄ ባዶውን ይሂድ› አለው።»

ክፍሎም ይህን አንድ ቀንም አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም። እጆቼን ወደ ኋላ አጣመርኩ፤ እስከ ጎዳናው ጫፍ ሄድን፤ በሌላው ዳር ተመለስን።

አዲስ አበባ

ከተመለስኩ ሁለት ወር ሆነኝ። አሁን ዳቦ የምገዛው ጠዋት ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ቁልፌን ለጎረቤት ሰጥቼ፣ ምንም ሳልይዝ እወጣለሁ።