ሰባት ቤትና የባሕር ዛጎል

ባሕር አይቼ አላውቅም። ያየሁት ትልቁ ውኃ ሐይቅ ነው፤ እሱንም ከሚኒባስ መስኮት። ታዲያ ወልድያ ተቀምጬ ለሁለተኛ ዲግሪዬ ያጠናሁት ምን መሰላችሁ? የባሕር ዳርቻ ቅርጽ በባለ ዛጎል እንስሳት ዘር ላይ የሚያመጣውን ለውጥ! ሲነኩት አፉን ግጥም የሚያደርገውን ፍጥረት በዓይኔ ሳላየው፣ መረጃውን ከኢንተርኔት አውርጄ። አማካሪዬም ባሕር አያውቅም፤ ተግባባን።

በዚያው ሰሞን ሽማግሌ ላክሁ። የምወዳት ልጅ የመርሳ ከተማ ልጅ ናት፤ አባቷ መካኒክ ናቸው። እንደ ወጉ ዝምድናችን እስከ ሰባት ቤት መቆጠር ነበረበት። አምስተኛው ላይ ምሳ ቀረበና ሽማግሌዎቼ "በቃ፣ ንጹሕ ነው" አሉ። የቀረው አባትየው እኔን ማየታቸው ብቻ ነበር።

ሄድኩ። "ለመሆኑ ምንድን ነው የምታጠናው?" አሉኝ። "ባዮሎጂ" ብዬ ዝም ብል ምናለበት! ትሪው ላይ ያለውን ቆሎ በጣቴ እየገፋሁ የባሕር ዳርቻ ሠራሁላቸው።

"ይኸውልዎት ጋሼ፣ ዳርቻው ቀጥ ያለ ከሆነ ውኃው የዛጎሎቹን እጮች ሩቅ ይወስዳቸዋል፤ ከባዳ ይዋለዳሉ። እንዲህ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ግን እዚያው ይዞራሉ። ዘመድ ከዘመድ ይዋለዳል፤ በሽታ ሲመጣ አንድ ላይ ያልቃሉ።"

"ዙሪያውን የተከበበ ቢሆንስ?" አሉ፣ ቀና ብለው መርሳን የከበበውን ተራራ እያዩ።

"እሱማ የባሰ ነው!" አልኩ፣ ጎበዝ ተማሪ ያገኘሁ መስሎኝ።

ጋሼ ቆሎውን አልነኩትም። በማግሥቱ ከሀብሩ ገጠር፣ የዘር ሐረግ በቃላቸው የሚወጡ አጎታቸውን አስመጡ። እኒህ ሰው ለምሳ የሚያቆሙ አይደሉም። ስድስተኛው ቤት ላይ የእኔም የእሷም ዘር አንድ ሰውዬ ላይ ገጠመ። እዚያው ሲሪንቃ ላይ ጤፍ ሲዘራ ኖሮ፣ ሁለት ሚስት አግብቶ፣ እኔን ጉድ ሠርቶ ሞቷል።

"እኅትህ ናት" አሉኝ፣ እነዚያው በምሳ ያጸዱኝ ሽማግሌዎች።

"ኧረ ጋሼ፣ ስድስት ትውልድ በሳይንሱ ከምንም አይቆጠርም!" ብዬ ለመንኩ።

"አንተው አይደለህ እንዴ ያስተማርከኝ?" አሉ።

ጥናቴን በከፍተኛ ማዕረግ አለፍኩ። ፈታኞቹ "ለአካባቢያችን ምን ይጠቅማል?" ሲሉኝ ሳቄም እንባዬም መጣ።

የዚያን ቀን ደወለችልኝ። እንኳን ደስ ያለህ የምትል መስሎኝ ነበር።

"ይህን ሁሉ ጊዜ ዛጎል ስታጠና" አለችኝ እያለቀሰች፣ "አፍ መግጠም እንኳ አልተማርክም?"