አውራ ጣትና ማርከር

ማርከር ሲከፈት የሚሸተውን ታውቀዋለህ አይደል? አልኮል አልኮል የሚል፣ ራስ የሚመታ ሽታ። ባለፈው ቅዳሜ ሚስቴ ወሎ ላለችው እህቷ የምትልከውን ልብስ ካርቶን ውስጥ ከታ ስትጨርስ፣ "ስሟን ጻፍልኝ፣ ያንተ ጽሑፍ ያምራል" ብላ ማርከሩን አቀበለችኝ። ክዳኑን ነቅዬ ቆሜ ቀረሁ። "ምን ሆንክ?" አለችኝ። "ምንም" አልኳት። ለእሷ ያልነገርኳትን ላንተ ልንገርህ፤ ማንበብ ያስተማረኝን ሰው ከሥራ ያስባረርኩት እኔ ነኝ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። እዚህ አሜሪካ፣ ዱሉዝ የምትባል ከተማ፣ አንድ ዌርሃውስ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እጭን ነበር። በትምህርት ቤት ደጅ አልፌ አላውቅም። እንግሊዝኛውን ብቻ እንዳይመስልህ፣ አማርኛውንም አላነብም። ሱዳን የስደተኞች ካምፕ እያለሁ ፊርማዬ አውራ ጣቴ ነበረች፤ ቀለም ውስጥ ነክረው ወረቀቱ ላይ ሲጫኗት ከብት የሚተኮስ ይመስለኝ ነበር። እዚህ ስመጣ ቀለሙም የለም። "ሳይን አድርግ" ሲሉኝ እንደ ዶሮ ጫር ጫር አድርጌ እሰጣቸዋለሁ።

እዚያው ካርቶን ላይ ሌበል፣ አድራሻና ቁጥር ያለበት ወረቀት፣ የሚለጥፍ አንድ ሕንድ ሽማግሌ ነበር፤ አገሩ እያለ አስተማሪ የነበረ ሰው። አንድ ቀን ሱፐርቫይዘሩ አንድ ካርቶን ከኋላ አምጣ አለኝ። የትኛው እንደሆነ ማንበብ ስላልቻልኩ ካርቶኖቹ የተቆለሉበትን የእንጨት ርብራብ፣ ፓሌቱን፣ እንዳለ እየጎተትኩ መጣሁ። ሱፐርቫይዘሩ ሰደበኝ። ሽማግሌው ግን እንባው እስኪፈስ ሳቀ፤ በእረፍት ሰዓትም ጠርቶ አጠገቡ አስቀመጠኝ።

"በእኛ ቅዱስ መጽሐፍ አንድ ዝንጀሮ አለ" አለኝ፤ ያልገባኝን በእጁ እያሳየ። ዝንጀሮው የቆሰለ ሰው የሚያድን ቅጠል ከተራራ ላይ እንዲያመጣ ተላከ። ሄዶ ቢያይ ቅጠሉ ሁሉ አንድ ሆነበት። ተራራውን ነቅሎ ተሸክሞ መጣ። "ያ ዝንጀሮ አንተ ነህ" አለኝ። እኛ አገር ቢሆን በጥፊ እመታው ነበር። እሱ ግን ካርቶን ቀደደና በማርከር "ማውንቴን"፣ ተራራ፣ ብሎ ጽፎ ሰጠኝ። "አትቆጣ፤ እኛ ለእሱ እንሰግድለታለን" አለ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አንድ ታሪክ፣ አንድ ካርቶን ሆነ። የመጫኛው በር ሥር በምትገባው ብርሃን፣ ዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት ጢጥ ጢጥ እያለ፣ የምሳ ዕቃው እርድና ከሙን እየሸተተኝ ተማርኩ። የእንጀራ እናቱ አሥራ አራት ዓመት ጫካ ስላሰደደችው ልዑል ነገረኝና "ኤግዛይል" ብሎ ጻፈ፤ ስደት። ያችን ማስረዳት አላስፈለገውም።

አብሮኝ የሚጭነው የደሴ ልጅ መሳቂያ አደረገኝ። "አንተ ጉሩ! ዛሬስ ለየትኛው ዝንጀሮ ሰገድክ?"

"አንተ ለፓሌት እንደሰገድክ ትሞታታለህ" እለዋለሁ።

አንድ ታሪክ ግን አጣላን። አንድ ድሃ የጫካ ልጅ ቀስት ሊማር ሄደ፤ አስተማሪው አላስተምርህም ብሎ መለሰው። ልጁ የአስተማሪውን ምስል ከጭቃ ሠርቶ እፊቱ ብቻውን ተለማመደ፤ ልዑላኑን ሁሉ በለጠ። ይህን ጊዜ አስተማሪው መጥቶ "የአስተማሪነቴን ዋጋ ክፈል፤ የቀኝ አውራ ጣትህን ስጠኝ" አለው። ልጁም ቆርጦ ሰጠው። ሽማግሌው "ታምብ" ብሎ ጻፈልኝ፤ አውራ ጣት።

"ያ አስተማሪ ሌባ ነው!" ብዬ ጮኽኩበት።

"ነው" አለ ሽማግሌው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኔ ጣት አልጠይቅህም። ዓይንህን ነው የምፈልገው።"

ዓይኑን ሞራ ሸፍኖት ኖሯል። ደቃቁ የሌበል ቁጥር አይታየውም፤ ቢያውቁበት አንድ ቀን አያሳድሩትም። እኔ ቁጥሩን በጆሮው ላነብለት፣ ለማንም ላልናገር ማልኩለት። የዚያን ቀን "ቫው" ብሎ ጻፈልኝ፤ የማይታጠፍ ቃል ማለት ነው አለኝ።

አምስት ወር አነበብኩለት። ከዚያ ወደ ሌላ መስመር አዛወሩኝ። በሳምንቱ አንድ ሙሉ የጭነት መኪና ወደማይሆን ከተማ ሄደ፤ ሌበሉ ተሳስቶ። ሱፐርቫይዘሩ ቢሮ ጠራኝ።

"ለሽማግሌው ቁጥሩን የምታነብለት አንተ ነበርክ?"

መልሴን አልጠበቀም።

"ሰኞ አንድ ሌድ እፈልጋለሁ። ማንበብ የሚችል።" ታይፕ የተደረገ ወረቀት ገፋልኝ።

ሌድ መሆን ማለት ከጭነት መገላገል፣ ሌላውን ማዘዝ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ያደረገ ሰው ሁሉ ኋላ ላይ "ምን እንደሚል አላወቅኩም" ይላል። እኔ እሱ እንኳ የለኝም። ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። "አያይም" ይላል፣ "ደብቋል" ይላል፣ "መስክሬያለሁ" ይላል። አንዲት ቃል አላለፈችኝም፤ ደህና አድርጎ ነው ያስተማረኝ። ከሥር ስሜን ጻፍኩ። በዕድሜዬ የመጀመሪያው ፊርማዬ እሱ ነው። ይባስ ብሎ ስጽፈው ደስ ብሎኛል።

ሽማግሌውን ሲጠሩት እዚያው ቆሜ ነበር። ወረቀቱን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አነበበ። ፊርማዬ ጋ ሲደርስ በጣቱ ተከተለው። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ምነው በሰደበኝ።

"መስመሩን አልለቀቅክም" አለኝ። "ጥሩ ጽሑፍ ነው።"

ምሳ ዕቃውን አንስቶ በመጫኛው በር ወጣ፤ ደረጃውን በእግሩ እየዳበሰ። ሮጬ እጁን ልይዘው እችል ነበር። አልያዝኩትም። ሰኞ ሌድ ሆንኩ።

የጻፈልኝ ካርቶኖች ዛሬም ጋራዥ ውስጥ አሉ። የማርከሩ ቀለም ደብዝዟል፣ ግን አነባቸዋለሁ።

ቅዳሜ ዕለት የሚስቴን እህት ስም ጻፍኩ፤ መስመሩን ሳልለቅ። ሚስቴ ጎንበስ ብላ አየችው።

"አላልኩህም? ያምራል" አለች።