ታንቲ ኦሌታ ቤቷን ያስጎተተችበት ቀን

ኦሌታ ስቲል በሕይወቷ አንድም ጀልባ ሠርታ አታውቅም፤ ነገር ግን በዊንድዋርድ መንደር ያለ እሷ ጀልባ ባሕር አይገባም። አናጢዎቹ ከዳገቱ የተጣመመ እንጨት እየመረጡ፣ ጊዜ ፈጅተው፣ ጀልባውን አሸዋው ላይ ይሠራሉ። የማስገቢያው ቀን ሲደርስ በግ ይታረዳል፣ በጀልባው አፍንጫ ላይ ሩም የሚባለው የሸንኮራ አረቄ ይረጫል፣ ከዚያ አገሩ ሁሉ ገመድ ይይዛል። ያኔ ኦሌታ ቀሚሷን ሰብስባ ከፊት ትቆምና ታዜማለች። እሷ ስትል ይጎተታል፤ እሷ ስታቆም ይቆማል። ድምፅዋ ጎረቤት ደሴት ድረስ ይሰማል ይባላል። ውሸት ነው፤ ግን እሷ አንድ ቀን አስተባብላ አታውቅም።

ሰባን ካለፈች ቆይታለች። ሁሉም «ታንቲ» ይላታል፤ በካሪቢያን ባሕር ባለችው በካሪያኩ ደሴት ያረጀች ሴት የሁሉም አክስት ናት። ባሏ ዊልመር ጀልባ እንጂ ቤት መሥራት የማያውቅ አናጢ ነበር። ሲያገባት ሁለት ክፍል ቤት የሠራላት እንደ ጀልባው አድርጎ ነው፤ ጣውላውን በእንጨት ችንካር እያያያዘ፣ እግሩን በድንጋዮች ላይ አስቀምጦ። ከመሬቱ ጋር ያሰረበት ነገር የለም። «ቤት ነው፤ የት ይሄዳል?» ብሎ ነበር አሉ። ነፍሱን ይማርና፣ መልሱን ሳይሰማ ሞተ።

አውሎ ነፋሱ የመጣው ወቅቱ ገና በቅጡ ሳይገባ ነው። ባለጀልቦቹ እንደ አባቶቻቸው ልማድ ሥራቸውን ባሕር ውስጥ በሰደዱት የማንግሮቭ ዛፎች መሐል ጀልባቸውን አስገብተው አሰሩ። ኦሌታ ደግሞ ከጎረቤቷ ከኖርበርት የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ገባች። ኖርበርት በጡረታ ያለ መርከበኛ ነው፤ በአንድ አጥር የተነሳ ሁለቱ ሲናቆሩ የኖሩ ናቸው። ግን ጉድጓዱ የድንጋይ ነው፤ ነፋስ ሲመጣ ኩራት ቦታ የለውም። ውኃው ጉልበታቸው ድረስ ነበር።

«እግርሽን ሰብስቢ» አላት ኖርበርት በጨለማው።

«የኔ አይደለም፤ የራስህ ነው።»

«የራሴ ከሆነ ለምን አይሰማኝም?»

«አርጅተህ ነዋ። አሁን አፍህን ዝጋና ጸልይ።»

ሲወጡ የሚያውቁት አገር አልነበረም። ኮረብታው አንድ ቅጠል ሳይቀርለት እሳት እንደበላው ቡኒ ሆኗል። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ተኝቷል፤ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ጀልባ ይታሰርበት የነበረው መድረክ በቦታው የለም። ማንግሮቩ ውስጥ የገቡት ጀልባዎች አንዱ ባንዱ ላይ ተቆልለዋል። ሰው ፍርስራሹ ውስጥ ድስቱን ይፈልጋል፣ የማያውቀውን ጫማ ያገኘ ደግሞ «የማን ነው?» እያለ በየደጁ ይዞራል። ደጅ የቀረለት ጥቂት ነበር እንጂ።

የኦሌታ ቤት ግን አልፈረሰም። ሄደ እንጂ። ነፋሱ ከድንጋዮቹ ላይ አንስቶ፣ አጥሩን አሻግሮ፣ ቁልቁል ከኖርበርት የበቆሎ ማሳ መሐል አስቀምጦታል። የጣሪያው ጫፍ ከመገንጠሉ በቀር የጎደለው አልነበረም፤ መጋረጃው እንኳ ከነመስኮቱ አለ።

ኖርበርት ዙሪያውን ዞሮ አየውና ራሱን ነቀነቀ። «ስንት ዓመት ስለ አጥር ስንጣላ ቤትሽ ሽማግሌ እንኳ ሳይልክ ገባ።»

«ደስ አይበልህ» አለች ኦሌታ። «ሊያድር እንጂ ሊኖር አልመጣም።»

ማርቫ የደረሰችው ውኃና ሸራ በጫነችው የዕርዳታ ጀልባ ነው። ማርቫ የኦሌታ የእህት ልጅ ናት፤ እናቷ ስትሞት ኦሌታ አሳደገቻት፣ አሁን ትሪኒዳድ ትኖራለች። አክስቷን ስታይ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ ካለቀሰች በኋላ ግን ፊቷን ጠረገችና ልብሷን እንድትሸክፍ አዘዘቻት።

«ታንቲ፣ እዚህ ምን ቀረሽ?»

«ቤቴ።»

«ቤትሽ የሰው ማሳ ላይ ነው!»

«ይመለሳል።»

«በምን?»

«በገመድ ነዋ! በምን ይመለሳል?»

ማርቫ ማን እንዳሳደጋት ታውቃለችና አልተሟገተችም። «ጥሩ። ይቺ ጀልባ ነገ ወደ ትሪኒዳድ ስትመለስ ቤቱ በቦታው ካለ ትቀሪያለሽ። ከሌለ አብረሽኝ ትሄጃለሽ። ልመና የለም፣ እንባ የለም።»

«ይሁን» አለች ኦሌታ።

አፏ ነው እንጂ ሆዷ «ይሁን» አላለም። ትሪኒዳድን አንድ ጊዜ አይታዋለች። ማርቫ የምትኖረው ፎቅ ላይ ነው፤ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ደረጃ ላይ ብቻ ይገናኛል፣ ድምፅ ከፍ ካለ ከማዶ ግድግዳ ይደበደባል። እዚያ ሄዳ የማንን ጀልባ ልታስጎትት ነው? ያን ዕለት ስለ ሞት ሳይሆን ስለዚያ ግድግዳ እያሰበች ፈራች።

በማግስቱ ሰው ተሰበሰበ። ጣሪያ የሌለው መጣ፣ እጁን በቆርቆሮ የተቆረጠው መጣ። ሴቶቹ ነፋሱ እግሩን የሰበረውን ፍየል አርደው በአንድ ትልቅ ድስት ጣዱት፣ ከተረፈው የበቆሎ ዱቄት ኩኩ የሚሉትን ገንፎ አገነፉ። ኖርበርት እንደ መርከቡ ዘመን እየጮኸ ቤቱን በመንከባለያ ግንዶች ላይ አስወጣ። ሕዝቡንም ለሁለት ከፈለ። ብዙዎቹ ከላይ፣ ከዳገቱ በኩል፣ ዋናውን ገመድ ይዘው ይጎትታሉ። ጉልበተኞቹ ዓሣ አጥማጆች ደግሞ ከታች፣ ከባሕሩ በኩል፣ ቤቱ እንዳይዞር ሌላ ገመድ ላላ አድርገው ይይዛሉ።

«እናንተ የታቾቹ!» አለ ኖርበርት። «መያዝ ብቻ! መጎተት የለም!»

«ሰማን፣ ሰማን!»

ኦሌታ ቀሚሷን ሰበሰበችና ከፊት ቆመች። ሩሙን አንድ ጊዜ በደጃፉ ላይ፣ አንድ ጊዜ በጉሮሮዋ አፈሰሰች። ከዚያ አዜመች። ችግሩ የምታውቀው ዜማ አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ እሱም የባሕር ማስገቢያው። ድምፅዋ ሲነሳ የዓሣ አጥማጆቹ ክንድ ኖርበርትን ረሳ። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ እዚያው አሸዋ ዳር ቆመው፣ በዚያው ድምፅ፣ ወደዚያው ባሕር ሲጎትቱ ነው ያደጉት። በአንድ ትንፋሽ ሳቡት። ከላይ ያሉት ጭቃው ላይ በቂጣቸው ወደቁ፣ ገመዱ ከእጃቸው ሾልኮ ሄደ። ቤቱ በቆሎውን እየደመሰሰ ቁልቁል ወረደ፣ መንገዱን ተሻገረ፣ አሸዋውን አለፈና ደጃፉን ውኃ ውስጥ ነክሮ ቆመ። ከመስኮቱ የኖርበርት ዶሮ ዘላ ወጣች።

«ማነው የሳበው?» ኖርበርት አበደ።

«ታንቲ ሳቡ አለቻ!» አለ አንዱ ግዙፍ ዓሣ አጥማጅ፣ ገመዱን እንደያዘ።

«ወደ ላይ ነበር እኮ!»

«እኔ ዕድሜ ልኬን ወደ ላይ ስቤ አላውቅም!»

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ከዚያ ግን ሁሉም ሳቀ፤ ጭቃ ውስጥ የተቀመጡት ሳይነሱ ሳቁ፣ ድስቱን የሚያማስሉት ሴቶች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከነፋሱ ወዲህ በዚያ መንደር የተሰማ የመጀመሪያ ሳቅ ነው። ኦሌታም ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ።

ዓይኗን ስትጠርግ ማርቫን አየች። ማርቫ አልሳቀችም፤ ከጀልባዋ በኩል ቆማ ትጠብቃለች። ከዚያ ኦሌታ ዞር ብላ ሕዝቡን አየች። የተላጠ መዳፋቸውን አየች። ከኋላቸው ያለውን ኮረብታ፣ ጣሪያ የሌላቸውን ቤቶች ሁሉ አየች። እነዚህ ሰዎች የራሳቸውን ትተው የእሷን ሲጎትቱ መዋላቸው ያን ጊዜ ገባት፤ አፈረችም።

«ይበቃል» አለች። «ሂዱ፣ የየራሳችሁን ጣሪያ አልብሱ። እኔ ከማርቫ ጋር እሄዳለሁ። ቃል ሰጥቻለሁ።»

የተንቀሳቀሰ ሰው የለም። ኖርበርት ጭቃውን ከሱሪው እያራገፈ መጣ።

«ቤትሽ ስላሳዘነን የመጣን መሰለሽ?»

«እና ለምን መጣችሁ?»

«እዚያ አይታይሽም?» በአገጩ ወደ ማንግሮቩ አመለከተ። «ያ ሁሉ ጀልባ ተቆልሎ ተኝቷል። ከዚያ ጭቃ ጎትተን ባሕር ካላስገባነው ዓሣ የለም፣ የምንበላው የለም። ማን ነው የሚያስጎትተን? እኔ? እኔ ስጮህ ከዶሮ በቀር የሚሰማኝ አለ?» ከዚያ ወደ ማርቫ ዞረ። «ልጄ፣ ቤቱን ከፈለግሽ ጭነሽ ውሰጂው። አፏን ግን ተዪልን።»

ማርቫ አክስቷን አየቻት፣ ገመዱን የያዘውን ሕዝብ አየች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ አሸዋው ላይ አስቀመጠች፣ ሱሪዋን ጠቀለለች።

«ማዕበሉ ሳይወስደው ከውኃው እናውጣው» አለች። «የት ጋ ልያዝ?»

ኖርበርት አሁን ሁሉንም በአንድ ገመድ፣ በአንድ ወገን አሰለፈ። ሁሉም ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው ያዙና ወደ ኦሌታ ተመለከቱ። ኦሌታ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። እንደገና ሞከረች። ያ ሁሉ ሰው እሷን እየጠበቀ ነው።

«ምነው?» አለ ኖርበርት። «ዝም እንድትይ ስለምንሽ ስኖር ዛሬ ነው የምትሰሚኝ?»

ያን ጊዜ አዜመች። ድምፅዋ መሐል ላይ ተሰበረ። ሕዝቡ ግን ጎተተ፣ ቤቱም ወደ ላይ ተንቀሳቀሰ።