ጅቡ የበላው ማንን ነው?

እኔ ፊደል ቆጥሬ ነው ትምህርቴን የተውሁት፤ መጽሐፍ ግን አያመልጠኝም። ነርስ ምራቴ ብርቱካን ከሥራ ስትገባ ታነብልኛለች። ባለፈው ክረምት ያነበበችልኝ መጽሐፍ ሰው ስለሚበላ ጅብ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ጅቡ ምራቲቱን በልቶ አማቲቱን በክብር ይተዋታል። ሸጋ መጽሐፍ!

ፊልም ሆነ ሲባል የበዓል ቀሚሴን ለብሼ ፒያሳ ሲኒማ ቤት ሄድሁ። ብርቱካን «ይቅርብዎ፣ ያስፈራል» እያለች ተከተለችኝ። መጨረሻው ሲደርስ ያ ጅብ ምራቲቱን አልፎ አማቲቱን አይበላት መሰላችሁ? አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ አንዷማ እልልታዋን አቀለጠችው። ብድግ አልሁ።

«ምነው! ምን በደለቻችሁ? መጽሐፉ እንዲህ አይልም፤ ገልብጠውታል!»

ከፊቴ የተቀመጠች መነጽር ያደረገች ሴት ዞር አለች። «እማማ፣ እኔ አንብቤዋለሁ። መጽሐፉም ላይ ጅቡ የሚበላው አማቲቱን ነው።»

«አንቺ ደግሞ የት አንብበሽው? ይችው ምራቴ፣ ጠይቂያት! ሦስት ጊዜ ነው ያነበበችልኝ!»

ሰው ሁሉ ወደ ብርቱካን ዞረ። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበችና፣ «እማማ፣ ምራቲቱን ያስበላኋት እኔ ነኝ» አለች፤ «እንዳይከፋዎ ብዬ።»